ፊልም ጽሕፈት ያስተማርሁበት ክረምት

ክረምት በመጣ ቁጥር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጎ ፈቃደኛ እየተባለ በየሰፈሩ መሠማራቱ የታወቀ ነው። አንዱ ችግኝ ይተክላል፤ አንዱ ደም ለመለገስ ክንዱን ይዘረጋል፤ የሒሳብ ተማሪ የሆነ እንደ ሆነ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ሰብስቦ ቀመር ሲያስጠና ይከርማል። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ምን ይሠራል? በ2017 ዓ.ም. ክረምት ይህ ጥያቄ እኔ ላይ ደረሰ። የምዝገባውን ወረቀት የያዘው ጓደኛችን ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝና «አንተ የጽሑፍ ሰው ነህ፤ ሽሮ ሜዳ ፊልም ለመጻፍ የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ሄደህ አስተምራቸው» አለኝ። ፊልም ጽፌ አላውቅም ብዬ መለስሁለት። «እነሱም ጽፈው አያውቁም» አለኝ። ለዚህ አነጋገር መልስ ስላጣሁለት ፈረምሁ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በታች የምታነበው የአንድ የፊልም ሊቅ ምክር ሳይሆን የ8 ሳምንት ትዝብት መሆኑን አስቀድመህ ዕወቅልኝ።

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሄደ ሰው ሁሉ ሽሮ ሜዳን ያውቃታል፤ ነጠላውና የሐበሻ ቀሚሱ ግራና ቀኝ ተሰቅሎ መንገዱን የሠርግ ቤት ያስመስለዋል። የምናስተምርበት ቦታ እዚያው ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የወጣቶች ማእከል ነበር። ጣራው ቆርቆሮ ስለ ሆነ የሐምሌ ዝናብ ሲያወርደው መምህርም ተማሪም ዝም ብሎ ከመተያየት በቀር ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የጆተኒ ተጫዋቾች ይጮኻሉ። ለዚህ ክፍል 14 ሰዎች ተመዘገቡ። ከነዚህም መካከል የ12ኛ ክፍል ፈተና ጨርሰው ውጤት የሚጠብቁ ልጆች፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ ሸማኔ፣ አንድ የታክሲ ረዳት፣ ዲግሪ ይዘው ሥራ የሚፈልጉ ሦስት ወጣቶች (ይህን ስጽፍ እጄ ትንሽ ይፈራል) እና ዕድሜያቸው ወደ 40 የሚጠጋ፣ በሰው ሱቅ ተቀጥረው ቀሚስ የሚሸጡ አንዲት ሴት ነበሩበት። እኒህን ሴት ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። እሳቸው እኔን በክፍል ውስጥ «መምህር»፣ ከክፍል ስንወጣ ደግሞ «ልጄ» ይሉኛል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ የትኛውን እንደሚሉኝ ይቸግራቸው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ገና ጠመኔ ሳላነሣ የታክሲ ረዳቱ «መጻፍ ተሰጥኦ ነው ይባላል፤ ተሰጥኦ ከሆነ ታዲያ አንተ ምን ልታስተምረን መጣህ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚከበር ነው። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎችም ቢሆን ድርሰት ይማሩታል ወይስ ይዘውት ይወለዳሉ እየተባለ እስከ ዛሬ ክርክሩ አላለቀም። በእኛ አገር ግን ነገሩ መልስ ካገኘ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ይኸውም በቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ተሰጥኦ አለህ ወይ ተብሎ በበሩ ላይ አይመረመርም። አገባቡን ይማራል፤ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ከዚያም ለብቻው ገለል ብሎ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ የተወላገደውን ያቃናለታል፤ ፍሬ የሌለውን ጣል ይለዋል። ደግሞም ማንም ቢሆን በመወድስ አይጀምርም። በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ወደ 3 ቤት ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። ዛሬ ዎርክሾፕ እየተባለ የሚነገርለት ነገር ከዚህ የተለየ ምን አለው? ረዳቱ ይህን ሰምቶ ጥቂት አሰበና «እሺ፤ እንግዲያው ጉባኤ ቃናውን ስጠን» አለኝ።

ሰጠኋቸው። 2 መስመር ብቻ እንዲጽፉ አዘዝሁ፤ የመጀመሪያው መስመር በዓይን የሚታይ አንድ ነገር፣ ሁለተኛው መስመር ያንን የሚገለብጥ ሌላ የሚታይ ነገር። ንግግር ክልክል ነው። «አሰበ»፣ «አዘነ»፣ «ትዝ አለው» ማለትም ክልክል ነው፤ ካሜራ ሐሳብ አያይምና። የተማሩት ሦስቱ ዲግሪ ያዦች ብዙ ሲቸገሩ ፀጉር አስተካካዩ ወዲያው ጽፎ አነበበ፤ «አንድ ሽማግሌ ፀጉራቸውን ተስተካክለው ጨርሰው በመስተዋቱ ውስጥ ለራሳቸው ፈገግ ይላሉ። ኪሳቸውን ይዳብሳሉ።» ክፍሉ ሳቀ፤ ቀጥሎም ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ተሰጥኦ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከቤታቸው ጽፈው ያመጡት ግን ሌላ ነበር። ደብተሩንም፣ በስልክ የተጻፈውንም ሰብስቤ ሳነብ ከ14ቱ ድርሰት 9ኙ ዋናው ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ይጀምራል። ስልኩ ይጮኻል፤ ያጠፋዋል፤ ፊቱን ይታጠባል። ቀጥሎ ቪላ ቤት ይመጣል። የሀብታሙ ልጅ ሾፌሩን ትወዳለች፤ አባት ይቆጣል፤ መኪና ይገለበጣል፤ ሐኪሙ ከክፍል ወጥቶ ራሱን ይነቀንቃል። ከእነዚህ 14 ሰዎች ውስጥ ግን በቪላ ቤት የሚኖር አንድም ሰው የለም! የታክሲ ረዳቱ በቀን ውስጥ ስንት ጠብ፣ ስንት ፍቅር፣ ስንት ውሸት እንደሚያይ እያወራ ሲያስቀን ይውልና ሊጽፍ ሲቀመጥ ወደ ሀብታሙ ሳሎን ይገባል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዲጂታል ካሜራ ዋጋ ሲረክስ የአማርኛ ፊልም በየሲኒማ ቤቱ ጎረፈ፤ ተማሪዎቼ ያደጉትም በዚያ ነው። እኔ ያንን ዘመን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ለማየት ዝናብ እየመታው እንዲሰለፍ ያደረገ ነገር እንዲያው በቀላሉ አይናቅም። ነገር ግን ፊልም ማለት ሳሎን ነው የሚል እምነትም አብሮ ተክሎ ሄዷል፤ ይህን ለመንቀል ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ለታሪክ ትምህርት የመደብሁት ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በአውሬዎች አመሳስለው ሹማምንቱን የነቀፉበትን «ፋቡላ» ጠቀስሁ፤ በ1927 ስለ ተቋቋመው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ስለ ተመረቀው የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር፣ በ1957 ሥራ ስለ ጀመረው ቴሌቪዥን ነገርኋቸው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተሠራውም በዚያው ዘመን ነው። ይህን ሁሉ ያወራሁት አንድ ነገር ለማሳየት ነበር፤ ፊልማችን የመድረክ ልጅ ነው፤ መድረካችን ደግሞ የቃል ቤት ነው። ስለዚህ ጸሐፊዎቻችን ለዓይን ከመጻፍ ይልቅ ለጆሮ መጻፍ ይቀናቸዋል። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ጥቂት ክፍል በላፕቶፕ አሳየኋቸው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ገበሬው ሲያርስ ረጅም ጊዜ እናያለን። አንዱ ወጣት «ምነው የማይናገሩት?» አለ። ሸማኔው ከኋላ ሆኖ «እያረሱ እኮ ነው» ሲል መለሰለት። ኃይሌ በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል በ«ጤዛ» ከተሸለማቸው ሽልማቶች አንደኛው ለስክሪፕቱ የተሰጠ መሆኑን ስነግራቸው በጣም ተደነቁ፤ ለጸሐፊ ሽልማት አለ ብለው አላሰቡም ነበር።

ወደ ንግግር የመጣን ጊዜ ደግሞ ሌላ ችግር ተነሣ። የእኛ ሰው ሙግት አዋቂ ነው። በላ ልበልሃ እየተባባለ በችሎት ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ለቃል ያለው ፍቅር በደሙ ውስጥ ነው። ስለዚህም ተማሪዎቼ የጻፉት ንግግር ሁሉ ችሎት ነበር፤ ጠያቂው ይጠይቃል፤ ተጠያቂው አንዲት ነገር ሳያጓድል ይመልሳል። ሚስት «የት አመሸህ?» ብትል ባል ከማን ጋር፣ የት፣ ለምን እንዳመሸ በ8 መስመር ያስረዳታል። በእውነተኛው ቤት ግን ባልየው «እራት አለ?» ይላል። ድራማው እዚህ ላይ ነው። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ከማንም በላይ ሊረዳ ይገባዋል እያልሁ ነገሩን ለማስገባት ታገልሁ። በመጨረሻም አንድ ሥራ ሰጠኋቸው፤ አንድ ሰው ከጎረቤቱ 500 ብር ይበደር፤ ብር የሚለው ቃል ግን ከሁለቱም አፍ አይውጣ። የረዳቱ ጽሑፍ ከሁሉ በለጠ። ጎረቤትየው ይገባል፤ ይቀመጣል፤ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ ስለ ውኃው መጥፋት ያወራል፤ አንደኛ ቡና ይጠጣል፤ ሁለተኛ ይጠጣል። ባለቤቲቱ በረካውን ስትቀዳ «ልጁ ትምህርት ቤት ተመዘገበ?» ትለዋለች። ስኒውን ያስቀምጣል። እሷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። አለቀ። ይህን የጻፈው ሰው ከሦስት ሳምንት በፊት የሚኒስትር ልጅ በሽጉጥ ሲያስፈራራ የጻፈ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ የታዘብሁትን አንድ ነገር ልጨምር፤ የቋንቋ ተማሪ ስለ ሆንሁ ትታገሡኛላችሁ። አማርኛ ግሡን እስከ መጨረሻ ያቆየዋል። አንድ ሰው «እኔ አንቺን ከዚያች ቀን ጀምሮ…» ብሎ ሲጀምር በሩ ቢንኳኳ፣ ወደድሁሽ ሊል ይሁን ጠላሁሽ፣ ፈለግሁሽ ሊል ይሁን ረሳሁሽ ማንም አያውቅም። እንግሊዝኛ ግን ግሡን አስቀድሞ ስለሚያወጣው እንዲህ ያለውን ምስጢር መደበቅ ይቸግረዋል። የፊልም ጽሕፈት የሚያስተምሩት መጻሕፍት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸውና ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግሩንም። የአማርኛ ጸሐፊ ሰውን በንግግሩ መካከል ባቋረጠ ጊዜ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሳይሆን ዋናውን ነገር ደብቆ ማስቀረት ይችላል።

የገጹም ነገር እንደዚሁ ነው። በውጭው ልማድ 1 ገጽ ስክሪፕት 1 ደቂቃ ፊልም ነው ይባላል። ይህን እንደ ሕግ ይዘን የፀጉር አስተካካዩን 1 ገጽ ንግግር በሰዓት ለካነው፤ ሁለት ጊዜ አነበብነው፤ ሁለቱንም ጊዜ 2 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ነገሩ ቢታሰብ አያስደንቅም። የእኛ ፊደል አንዱ ቁምፊ በራሱ ሙሉ ድምፅ ነው፤ እነሱ «ሰ» ለማለት ሁለት ፊደል ያወጣሉ። ስለዚህ በአማርኛ 90 ገጽ የጻፈ ሰው 90 ደቂቃ ጻፍሁ ብሎ ለአዘጋጅ ቢያስረክብ ኋላ በመቁረጫው ክፍል ለቅሶ ይሆናል። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን ገጽ በራሱ ሰዓት ይለካ ብዬ ወሰንሁ።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም በእሳቸው ምክንያት ነው።

በ5ኛው ሳምንት የአክብሮትን ቃል የተመለከተ ሥራ ሰጠሁ። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ፤ ይህን ሁሉ የያዘ ቋንቋ ለጸሐፊ ትልቅ ሀብት ነው። «ይቀመጡ፣ ይጠጡ» ሲባባሉ ከቆዩ ሁለት ሰዎች አንደኛው በድንገት «ቁጭ በይ» ቢል በመካከላቸው የሆነውን ነገር ለማስረዳት ሙዚቃ አያስፈልግም። እንግዲህ መጠሪያው የሚለወጥበትን አንድ ትዕይንት ጽፋችሁ ኑ አልሁ። ሰው ሁሉ እንደ ገመትሁት ጻፈ፤ ከእርስዎ ወደ አንቺ፣ ማለትም ከሩቅነት ወደ ፍቅር። የእትዬ ብቻ በተቃራኒው ሄደ። እንዲህ ይላል፤

«ውጭ። ማታ። ቦሌ፣ ተቀባዮች የሚቆሙበት ቦታ። አንዲት ሴት ሻንጣ የተጫነበት ጋሪ እየገፋች ትወጣለች። አሮጊቷ እልል ትላለች። የ9 ዓመት ልጅ የአሮጊቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቆማለች። ሴትዮዋ ተንበርክካ ከቦርሳዋ ቀይ ጫማ ታወጣለች። ጫማው ትንሽ ነው፤ የ6 ዓመት ልጅ ጫማ ነው። ልጅቱ ጫማውን በሁለት እጇ ትቀበላለች። እንኳን ደኅና መጡ፤ ትላለች። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞር ብላ፤ እማዬ፣ እንሂድ፤ ብርድ ነው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እትዬ በ2002 ዓ.ም. የ2 ዓመት ልጃቸውን ለእናታቸው ሰጥተው ወደ ኩዌት ሄደው በ2009 ዓ.ም. ተመለሱ። ልጅቱ አያቷን እማዬ ስትል አድጋ ወላጅ እናቷን እንደ ማንኛይቱም እንግዳ ሴት እርስዎ አለቻቸው። ጫማውን የገዙት ያላቸው የመጨረሻ ፎቶግራፍ የ3 ዓመት አሮጌ ስለ ነበር በዚያ ገምተው ነው። እኔ ስለ ቁሳቁስ ሳስተምር በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምናውቀውን ኦቴሎን ጠቅሼ አንዲት መሐረብ ምን ያህል ነገር እንደምትሸከም አስረድቼ ነበር። እትዬ ኦቴሎን ስለ ማየታቸው እንጃ፤ ጫማውን ግን ከሕይወታቸው አመጡት። እኔ ሁልጊዜ እርስዎ እላቸው ስለ ነበር ኋላ ጠርተውኝ «አንተ ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ ክብሬ ነው። የእሷ ነው የገደለኝ» አሉኝ።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ወጣቶቹ «ይህ ብቻውን ፊልም አይሆንም፤ ኩዌት ውስጥ የሆነውን ያሳዩን» አሉ። የፈላ ውኃ ይጨመር፤ ከፎቅ መውደቅ ይጨመር፤ አሠሪዋ ትምታት። በእርግጥ ይህ ሁሉ ከሌላ ዓለም የመጣ ፈጠራ አይደለም። ከፋላ የሚሉት ሥርዐት የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ እጅ አስሮ ስለሚያኖረው ስንት የአገራችን ልጅ መከራ እንዳየች ሁላችንም እናውቃለን፤ ሊጻፍም ይገባል። እትዬ ግን «ያልደረሰብኝን ደረሰብኝ አልልም። የደረሰብኝንም ሁሉ አልናገርም» አሉ። ሸማኔው ደገፋቸው፤ «ጥለት ሲበዛ ነጠላው ይከብዳል፤ ትከሻ ላይም አይቆይም» አለ። ሸማኔው እንዲህ ዓይነት ነገር ይወዳል፤ ድሩን ሳትዘረጋ ማግ አትወርውር እያለ ስለ ታሪክ አወቃቀር ከእኔ የተሻለ ያስተማረበት ቀን ነበር።

ይህ በክፍል ውስጥ ያለቀ ነገር ቢሆን መልካም ነበር። ነገር ግን ከወጣቶቹ አንዱ ጽሑፉን ለሚያውቀው አንድ የፊልም አዘጋጅ ነገረውና ሰውየው እትዬን አስጠራቸው። ስሙን አልጽፍም። 20 ሺህ ብር እሰጥሻለሁ አላቸው፤ ነገር ግን ሐሳቡን ብቻ ነው የምገዛው፤ ጽሑፉን በራሴ ጸሐፊ አስጽፈዋለሁ፤ የኩዌቱ ድብደባ የግድ ይገባበታል፤ በፊልሙም ላይ የሚወጣው ስም የጸሐፊው ነው አለ። «ሕዝብ ካላለቀሰ ቲኬት አይገዛም» ብሎም አስረዳቸው። እትዬ ይህን ይዘው ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ምን ይሻለኛል?» አሉኝ።

እስቲ ፍረዱ፤ በካፌ መብላት የለመድሁ፣ የቤት ኪራይ ከፍዬ የማላውቅ ልጅ ለእኒህ ሴት 20 ሺህ ብር ይቅርብዎ ብዬ ልምከራቸው? አልመከርሁም። የማውቀውን ብቻ ነገርኋቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ በጽሑፍ የተገለጸውን ሥራ ግን ይጠብቃል። ሰውየው «ሐሳቡን ብቻ» ያለው ይህንን አውቆ ሊሆን ይችላል። እሳቸው ግን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የተጻፈ 22 ገጽ አላቸው፤ ከጻፉበት ሰዓት ጀምሮ የእሳቸው ነው፤ ደራሲነታቸው እንዲታወቅ የመጠየቅ መብትም አላቸው። የሚሸጡ ከሆነ በጽሑፍ ውል ይሽጡ፤ በቃል እሺ አይበሉ፤ ገጾቹን ሁሉ ቀን ጽፈው ይፈርሙባቸው አልኋቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በ8ቱ ሳምንት ካስተማርሁት ሁሉ ይህ ግማሽ ሰዓት ሳይጠቅማቸው አይቀርም። ፊልም መጻፍ ለመማር የሚመጣ ሰው ስለ ትዕይንት ሲማር ስለ ውልም አብሮ መማር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የመጽሐፍ ደራሲ መጽሐፉን በራሱ ስም ያሳትማል፤ የፊልም ጸሐፊ ግን ጽሑፉን ለሌላ ሰው እጅ ካልሰጠ ፊልም አይሆንለትም።

እትዬ ግን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ልጃቸው ዛሬ 17 ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ፊልም ትወዳለች። «ያንን ቃል እስካሁን እንደማስታውሰው አታውቅም። በአደባባይ ስታየው ምን ትላለች?» አሉኝ። አዘጋጁም፣ ሕጉም፣ መምህሩም ለዚህ መልስ የላቸውም። ቃሉ የማን ነው? የሰማችው የእናትየዋ ነው ወይስ የተናገረችው የልጅቱ? ክፍሉ አንድ ሙሉ እሑድ በዚህ ላይ ተከራከረ። ረዳቱ «እናት ናት፤ ልጇን ራሷን ወልዳት የለ፤ ቃሏ ምን ይሆናል?» አለ። ከ12ኛ ክፍል ልጆች አንደኛዋ ግን፣ በክረምቱ ሁሉ አፏን ያልከፈተች ልጅ፣ «እኔ ብሆን መጀመሪያ ለእኔ እንድታነብልኝ እፈልግ ነበር» አለች። እኔም ከዚህ የተሻለ ምክር ስላልነበረኝ እንደዚያው እንዲያደርጉ አልኋቸው።

በሳምንቱ እትዬ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ቦሌ የሚለው ገጽ ላይ «ቀይ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ሰማያዊ» ተብሏል፤ የእጅ ጽሕፈቱ ግን የእሳቸው አይደለም። ልጅቱ ሲነበብላት ጸጥ ብላ ሰምታ «ጫማው ቀይ አልነበረም፤ ሰማያዊ ነው፤ እኔ ጋ አለ» ብላ እስክሪብቶውን ተቀብላ ራሷ አረመችው። ስለ ቃሉ ምን አለች ብዬ ብጠይቃቸው «ስለ ቃሉ ምንም አላለች። ግን ማታ ስንተኛ፣ አያትሽ ያስጠናችኝ ነበር፤ ለእንግዳ እንዲህ በይ ብላ፣ አለችኝ» አሉኝ። እንግዲህ አያትሽ ማለቷ ለእናትየዋ የተናገረች መስሏት ነው ወይስ ምላሷ ተሳስቶ እንደሆነ አላውቅም፤ እትዬም አልጠየቋትም። ይህንን ግን አልጻፉትም። ለምን አልጻፉትም አላልሁም።

ለአዘጋጁ የመለሱለት እንዲህ ብለው ነው፤ የቦሌው ትዕይንት እንዳለ ከቆየ፣ ስማቸውም ከተጻፈ ይሸጣሉ፤ አለዚያ አይሸጡም። ሰውየው አስቤ እደውላለሁ አለ። ይህ የሆነው በነሐሴ መጨረሻ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እስከምጽፍበት እስከ ጥቅምት 2018 አልደወለም። የቤት ኪራዩ ግን ወሩን ጠብቆ ይመጣል።

ስለዚህ በክፍሉ የነበርነው ሰዎች ተሰብስበን የቦሌውን ትዕይንት ብቻ፣ 4 ገጽ የሚሆነውን፣ በራሳችን ለማንሣት ተስማምተናል። ረዳቱ መኪና አገኛለሁ ብሏል። ሸማኔው የአሮጊቷን ነጠላ ይሰጣል፤ አሮጊቷን የሚጫወቱ አንድ የሰፈር እናት ተገኝተዋል፤ እልልታቸውን በክፍላችን በር ላይ ሞክረው የጆተኒ ተጫዋቾቹን ሁሉ አስወጥተዋል። በቦታው ላይ ለመቅረጽ የፈቃድ ማመልከቻ ጽፈን አስገብተናል። መናኸሪያ ብንቀርጸውስ ብንል እትዬ «ከመናኸሪያ እኮ ሰው በየሳምንቱ ይመለሳል» ብለው ከለከሉን። የቀረን ካሜራ፣ የድምፅ መቅጃና የ9 ዓመት ልጅ ናት። ከአንባቢዎች መካከል ካሜራ ያለው ወይም በቴያትር ጥበባት ክፍል ጓደኛ ያለው ተማሪ ቢኖር በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በኩል መልእክት ይተውልኝ። ሰማያዊውን ጫማ ልጅቱ ለአንድ ማታ አውሳናለች፤ እንዳይቆሽሽ ብላ አስጠንቅቃናለች።